ልደት ያልተመዘገበባት ቪላ ሳኦ ብራዝ ከመንገድ መረቡ እንዳትወጣ

ቀን፦ ኖቬምበር 4 ቀን 1998

ለፌዴራል የመንገድ መረብ አጽዳቂ ኮሚሽን ሰብሳቢ
ብራዚሊያ

ጉዳዩ፦ የአገር አቀፉ የመንገድ መረብ ዕቅድ የቪላ ሳኦ ብራዝን መስመር እንደያዘ እንዲጸድቅልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

እኔ አመልካች ዙልሚራ ፔይሾቶ የግዛታችን ምክር ቤት አባልና የመንገድ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ምክር ቤታችን ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ፣ የመንገድ መረቡ ዕቅድ ሳይሸራረፍ እንዲጸድቅ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ አቤቱታውንም እንዳቀርብ ወክሎኛል። በሙሉ ድምፅ ስል ዓይኔን ማየት የማይፈልጉትም ጭምር እጃቸውን አውጥተዋል ማለቴ ነው። ከተቃራኒው ወገን ያሉት አቶ ቫልዶሚሮ ግን ከአዳራሹ ስንወጣ፣ «አይ ዙልሚራ፣ አሁንም ልትጽፊ ነው? ብራዚሊያ እኮ በአንቺ ማመልከቻ ግድግዳዋን ሳትለብጥ አልቀረችም» ብለው ቀልደውብኛል። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ደክሞኛል።

1. ኮሚሽኑ በኦገስት ወር በሰጠን መልስ፣ ከቪላ ሳኦ ብራዝ መንደር እስከ ፖርቶ ሬዴንሳኦ ከተማ ያለው መስመር ከዕቅዱ እንዲወጣ ሐሳብ መቅረቡን ገልጾልናል። የተሰጠው ምክንያት፣ ቃል በቃል፣ «በሥፍራው ለዓመታት አንድም ልደት ስላልተመዘገበ ነዋሪው እየጠፋ ነው» የሚል ነው።

2. መዝገቡ አልዋሸም። ቪላ ሳኦ ብራዝ ውስጥ ማንም አይወለድም። ሐኪም ቤት ያለው ፖርቶ ሬዴንሳኦ ነው። በዲሴምበር ክረምቱ ከገባ ቀዩ ጭቃ የጭነት መኪና ይውጣል፤ ወንዛችንም ፏፏቴ ስለሚበዛበት ጀልባ አይሄድበትም። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ማንጎው መብሰል ሲጀምር፣ በክረምት የምትወልድ ሴት ሁሉ የገመድ አልጋዋን ጠቅልላ፣ ጎረቤት የቆላላትን የካሳቫ ዱቄት ይዛ ወደ ከተማ ትወርዳለች። ዘመድ ቤት ተጠግታ ወራት ትቀመጣለች። እዚያው ትወልዳለች፤ ልጁም በሕጉ መሠረት በተወለደበት ከተማ ይመዘገባል። መንገዱ ሲደርቅ ታቅፋው ትመለሳለች። በበጋ የምትወልደውም አዋላጅ ስለሌለን ያው ናት። መንገድ አጥተን ከተማ ወርደን ስለወለድን፣ አሁን አትወልዱም ተብለን መንገድ ተከለከልን።

3. የኮሚሽኑን መልስ ልጄ ኔሊያኔም አንብባዋለች። የቪላ ሳኦ ብራዝ አስተማሪ ናት። «ታዲያ ክፍሌ ውስጥ የሚንጫጩት ከሰማይ ነው የወረዱት?» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሳቁ አልቆየም። ነፍሰ ጡር ናት፤ በጃንዋሪ ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በቀዶ ጥገና ሲሆን፣ ሐኪሙ ሁለተኛውንም በሌላ መንገድ እንዳትሞክረው አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ዘንድሮ ማንጎው በስሎ መሬት ላይ እየወደቀ፣ እሷ ግን አልወርድም ብላ ቁጭ ብላለች።

«እማዬ፣ የጎደላቸው ልደት አይደል? እኔ እሰጣቸዋለሁ። እዚሁ ወልጄ እዚሁ አስመዘግባለሁ፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚሉ እናያለን» ነው የምትለኝ። ተቆጣኋት፤ ለመንኳት፤ ፊቷ አለቀስኩ። ባሏም ለምኗታል። «አንቺ ስለ መንገድ ስትጽፊ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ወረቀት ምን እንዳመጣልን ታውቂያለሽ» አለችኝ። እፈራለሁ ክቡር ሆይ፤ ሌት ተቀን እፈራለሁ።

4. በመሆኑም ምክር ቤታችን የቪላ ሳኦ ብራዝ ነዋሪ በልደት መዝገብ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ተማሪዎችና በመራጮቹ ቁጥር እንዲታይ፣ የጎረቤት ግዛት አስፋልት ድንበራችን ድረስ መጥቶ የቆመ መሆኑም ታስቦ፣ ዕቅዱ መስመራችንን እንደያዘ እንዲጸድቅልን በትሕትና ይጠይቃል።

የምክር ቤቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀጥለው የእኔ ብቻ ነው፤ ባልደረቦቼ አያውቁትም፤ እንዲህ ባለ ማመልከቻ ውስጥ ቦታ እንደሌለውም አውቃለሁ።

ክቡርነትዎ መንገዱን ሊከለክሉን ከሆነ ይከልክሉን፤ ምክንያቱን ግን ይለውጡልን። በጀት የለም ይበሉን። ደኑ አይነካም ይበሉን። አፈሩ አስፋልት አይሸከምም ይበሉን። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ሰምተን ችለናል፤ አሁንም እንችላለን። ልደት የለም የሚለውን ብቻ በፊርማዎና በማኅተምዎ ይሰርዙልኝ፤ ዝናቡም ሳይገባ ይድረሰኝ። ወስጄ ለልጄ አሳያታለሁ። ያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ የምትወልድበት ምክንያት አይኖራትም።

መልስዎን ከሚጠባበቅ ምክር ቤትና ከአንዲት እናት የአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ዙልሚራ ፔይሾቶ
የግዛቱ ምክር ቤት የመንገድ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ