ከድርሻዋ በላይ ስላነበበችው ልጄ

ለተከበሩ የዲጂታል ተረት መጻሕፍት ፍትሐዊ ክፍፍል ኃላፊ፤
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቡስ፣ ወንበሩስ? የጀመሩትን ክፍፍል ከዳር ሳያደርሱ ወዴትም እንዳይሄዱብን አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። እኔ ገበያው መግቢያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የምሸጠው መሕቡባ ሙስተፋ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዋ የናጃህ እናት ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ልጆች ከመምህራቸው ጋር አብረው እያነበቡ የፊደላትን ድምፅ እንዲለዩ ተብሎ አንድ ተረት በታብሌት ሲመጣልን፣ ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች እንዳይቀያየሙ በማሰብ ተረቱን ከነፊደሉ ከመሃል ቆርጠው አካፈሉልን። ሙሉውን ለሁለቱም መጫን ይቻል ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ፍትሕ የት ያውቃሉ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1. የእኛ ግማሽ የሚያበቃው የተረቱ አህያ ጉድጓድ ስትገባ ነው። መምህርት ናዝሬት ልጆቹን በአንድ ድምፅ እያስነበበች ፊደላቱን አስለይታቸዋለች፤ አህያዋን ማውጣት ግን ከሥልጣኗ በላይ ሆነባት። ልጄ ከጥቅምት ጀምሮ ከእራቷ ለአህያዋ ስታስቀምጥ ከርማለች። ማዶ ያሉት ልጆች ደግሞ አንዲት አህያ ከጉድጓድ ስትወጣ እያዩ፣ ለምን እንደገባች ሳያውቁ ያጨበጭባሉ።

2. ግቢ አብራን የምትጋራው የወይዘሮ ውድነሽ ልጅ ኪዱ የሚማረው ማዶ ነው። ሁለቱ ልጆች በር ላይ ተቀምጠው፣ እሷ የመግቢያውን እሱ የመውጫውን ፊደላት ሲለዋወጡ ሰንብተው ሁለቱም ሙሉውን አነበቡት። ይህ ያለ ፈቃድ የተደረገ የፊደል ዝውውር መሆኑን አላወቅንም ነበር።

3. ሊፈትኑ የላኳቸው አቶ ሰይፉ፣ ናጃህ ለትምህርት ቤታችን ያልተመደበ ፊደል ስታነብ እጅ ከፍንጅ ይዘዋታል። በማግስቱ ውጤቷ መሰረዙንና አንደኛ ክፍልን እንደምትደግም የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ልጄ በማንበቧ ስታለቅስ ማየት አንጀቴን በላው። ትርፉን ፊደል እንድትረሳው ሞክሬያለሁ፤ ነገር ግን ከቤት ሱቅ እስክንደርስ የባጃጁን ጥቅስ፣ የፋርማሲውን ታፔላ፣ የጄሪካኑን ጽሑፍ ሁሉ አንብባ ትጨርሰዋለች። ዓይኗን ሸፍኜ ልውሰዳት?

ስለዚህ ውጤቷ እንዲመለስላት በትሕትና እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ መስከረም ላይ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ግማሽ ወንበር ይፈቀድላት።

ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ሙሉውን ባቀርብ ደንብ መጣስ እንዳይሆንብኝ ስለሰጋሁ፣ ግማሹን ብቻ አቀርባለሁ።

መሕቡባ ሙስተፋ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያዎን ናጃህ ራሷ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበችው። ስትጨርስ፣ ይህን የጻፈው ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርስዎን ሳላማክር መልስ መስጠት አልደፈርኩም።