የክርስትና ስሜን ይዛ የመጣችው ልጅ

ለባለቤቴ ለዘነቡ፤

ዘነቤ፣ ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺ ደህና ነኝ የሚል ወንድ አታምኚም። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለሁ። ጣሪያው በጓዳሽ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ ዶሮዎችሽን ሽለምጥማጥ ጨረሳቸው፤ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኔ እንደ ድሮው ትጮኻለች። የግቢው በር ላይ ከነበረው ሌላ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ጨምሬያለሁ። ይኸው፣ ሳቅሽ! «ተሾመ እኮ ጥላውንም አያምን» እያልሽ ስንቱን አስቀሽብኛል። የሰሞኑን ጉድ ስትሰሚ ግን አንቺም ሦስተኛ ጓጉንቸር ሳትጨምሪ አትቀሪም።

ቡራዩ የምታውቂያት ቡራዩ አይደለችም። አዲስ አበባ በማስተር ፕላን ልትውጠን ነው ተባለ፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ፣ ልጆቹ መንገድ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ወታደር ይገባል፣ ልጅ ይታፈሳል። ሻይ ቤት የማናውቀው ሰው ከገባ ጨዋታው ወዲያው ስለ ዝናብ ይሆናል። ሜትር የያዘ ሰው ከታየማ መንደሩ በሙሉ በር ላይ ነው። እኔ ድሮም እጠረጥራለሁ፤ አሁን ሰዉ ሁሉ እኔን ሆነልሽ።

የኔ ጣጣ የጀመረው የሰበታው መንገድ ሲዘጋ ነው። መቼም ሰው እንዳያየን ብለን፣ ቡራዩ ጤና ጣቢያ እያለልን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒታችንን ሰበታ ድረስ ሄደን እንወስድ እንደነበር አትረሺውም። ስማችንንም በክርስትና ስም ነበር ያስመዘገብነው፤ እኔ ወልደ ገብርኤል፣ አንቺ ወለተ ማርያም። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ኮርቼበታለሁም። ያን ስም ካንቺና ከንስሐ አባቴ በቀር ማን ያውቀዋል? አድራሻችንንም የውሸት ስጪ ብዬሽ ነበር። አንቺ ገበያ ልሂድ ብለሽ ቅርጫትሽን ታንጠለጥያለሽ፣ በጦር ኃይሎች፣ በዓለም ገና አድርገሽ የሁለታችንንም ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ እኔ ኪዮስኬ ውስጥ ተቀምጬ ቅርጫቱን ማን አየው እያልኩ እብሰለሰላለሁ። መድኃኒቱ ግን አኑሮናል። አንቺን የጣለሽ ደም ግፊቱ እንጂ እሱ አልነበረም።

ካንቺ በኋላ እኔው ራሴ እየሄድኩ ስወስድ ቆየሁ። መንገዱ ሲዘጋ ቀጠሮዬ አለፈ። ብልቃጡን ሳነቃንቀው ድምፁ እየሳሳ መጣ። እዚሁ ቡራዩ ሂድና ጠይቅ አልኩት ራሴን፤ ግን ወረፋው ላይ ማን ከጎኔ ይቀመጣል? ካርድ ክፍል የማን ልጅ ነው የሚሠራው? ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል እያልኩ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ዩኒፎርም የላት፣ ባጅ የላት። ከየት ነሽ ብላት ዘመድ ነኝ አለችኝ። የማን ዘመድ ብላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወልደ ገብርኤልን ፈልጌ ነበር» አለች።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያን ስም ከሰበታ ካርድ ክፍል ውጭ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። አንቺም ብትሆኚ ሲጨንቅሽ፣ ወይ ደግሞ ስኮሳተር ልታባብዪኝ ስትፈልጊ ነበር ቀስ ብለሽ የምትጠሪኝ። ታዲያ ይቺ ከየት አመጣችው? ሰበታ እንዳልል፣ የሰጠነው አድራሻ የውሸት ነው። ንስሐ አባቴ ተናገሩ እንዴ? ወይስ መሬት የሚለኩት ሰዎች እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ገብተዋል? «እንደዚያ የሚባል ሰው የለም» ብዬ ሁለቱንም ጓጉንቸር ቆለፍኩ። እሷ በቀዳዳው በኩል «ስለ ጤና ጉዳይ ነው» ብላ ሹክ አለች። ይባስ ጠረጠርኳት።

ስሙ ሲጠራ ጎረቤታችን አዴ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ ሰምታለች፤ የኋለኛው ሹክታ ግን አልደረሳትም። አዴ ስል ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ይዛ የምትኖረው፣ ገበያ ስትሄጂ የማትለይሽ። ስሟን የማልጽፈው ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ያነበው እንደሆነ ብዬ ነው። ስሜን ተው እንጂ ሌላውን ጻፈው ብላኛለች።

በዚያው ሳምንት ወታደሮች ገብተው ልጆች አፈሱ። ያዴም ልጅ አብሮ ተወሰደ። ያ ድሮ ብይ ሲጫወት ትቆጪው የነበረው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። የት እንደወሰዷቸው የሚናገር ጠፋ። ከዚያማ ማን ጠቆመ የሚለው ጥያቄ ከቤት ቤት ዞረ፤ ዞሮ ዞሮም እኔ በር ላይ ቆመ። የማትታወቅ ሴት መጣች፣ እሱን በማናውቀው ስም ጠራችው፣ ልጆቹ ተያዙ። አዴ መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰው ሁሉ እየሰማ «ነማ መቃ ለማ!» አለችኝ። ባለ ሁለት ስም ሰው ማለቷ ነው። ከሰላይ በቀር ሁለት ስም ማን አለው?

ምን ልበላት? መሬት መሬት እያየሁ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪዮስኬ ጭር አለ። ቁልፉን ለሰላይ የሚሰጥ ማን አለ? ሰላም ስል አይመልሱልኝም፤ ስቀርብ ወሬ ይቆማል። እኔ በተራዬ ማን ነው በኔ ላይ የጀመረው እያልኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ አጠናለሁ። ከነሱ መሀል አንዱ ራሱ ጠቁሞ በኔ እያላከከ ቢሆንስ? ዘነቤ፣ እንዲህ ያለ ኑሮ አትይ። መድኃኒቱም አለቀ።

ልጅቱ ተመልሳ መጣች። በቀዳዳው ሳያት እንደ መናደድም አደረገኝ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ምን አለችኝ መሰለሽ? «የሰበታዋ ሲስተር በስልክ የነገረችኝን ልንገርዎት። ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባሌ አይከፍትላችሁም፣ ሰው አያምንም፣ እናንተ ግን አትቀየሙት፣ እየተመላለሳችሁ አንኳኩ ብለው አደራ ብለዋት ነበር።»

አንቺ ሴትዮ! የውሸት አድራሻ ስጪ ስልሽ እሺ ብለሽኝ፣ ከኋላዬ ሰማያዊው በር፣ ኮሶው ዛፍ ያለበት ግቢ ብለሽ ልክ ልኩን ተናግረሻል። ከፈትኩላት። ምን አማራጭ አለኝ? ያንቺን አነጋገር ይዛ መጥታለች።

ስሟ ሌንሴ ይባላል። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው የላካት። ሥራቸው እንዲህ ነው አለችኝ፦ ከቀጠሮው የቀረ ሰው ሲኖር ጤና ጣቢያው ይደውላል፤ ስልኩ ካልሠራ ሰውየው ለሚኖርበት ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ እነሱም ቤቱ ድረስ ሰው ይልካሉ። እኔ የሰጠሁት ያንቺን ስልክ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባጅ የማታደርገው፣ ከየት እንደመጣች የማትናገረው ጎረቤት ነገሩን እንዳያውቅብኝ ብላ ነው። ጉድ እኮ ነው፤ ምሥጢሬን ልትጠብቅ ብላ ሰላይ አስመሰለችኝ። ለጥቂት ቀን የሚሆን መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ከሰበታ ወደ ቡራዩ እስካዛውርዎት ያቆይዎታል አለች። ብልቃጡን በብርሃን ገልብጬ አየሁት። ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም።

ስትወጣ ግን የሰፈሩ ልጆች ጠበቋት። ድንጋይ ወረወሩ፤ ጃንጥላዋ ተሰባበረ፣ እሷ ሮጣ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሁለተኛ ብትመጣ በእግሯ አትመለስም እያሉ ሲፎክሩ ሰማኋቸው። ያን ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ዝም ካልኩ ልጅቱን ይገድሏታል፤ ከተናገርኩ ስንት ዓመት በሁለት ስምና በቅርጫት የሸሸግነው ነገር አደባባይ ይወጣል። አንቺ ብትኖሪ ምን ትዪኝ ነበር እያልኩ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ደግሞም አውቀዋለሁ የምትዪውን።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ከጎኔ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ኦቦ ደበላ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ተሾመ፣ ሰው ብዙ ይላል፤ እስቲ ካንተው አፍ እንስማ» አሉኝ። ተነሣሁ። ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስሜ ነው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምወስድበት ስም ነው፣ ያቺ ልጅ ከጤና ጽሕፈት ቤት ነው የመጣችው፣ መድኃኒቴ ስላለቀ ነው አልኳቸው። ሰላይ ነው ብላችሁ ከምታባርሩኝ በዚህ አባርሩኝ፣ ልጅቱን ግን አትንኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አንዱን ሳል ያዘው። አዴ ተነሥታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ተጸይፋኝ ነው አልኩ። እንግዲህ ነገ ደግሞ ጽዋ አብሬው አልጠጣም ልትል ነው የሚለው ሐሳብ ሲከነክነኝ አደረ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ አዴ ናት። ሰላምታ እንኳ የለም። «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ፤ ከዚያ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ልጇ ቫይረሱን ከእሷ ይዞ የተወለደ፣ እንደኛው መድኃኒት የሚውጥ ልጅ ነው። ሲታፈስ ባዶ እጁን ነው የሄደው። ለማን ትናገር? ለፖሊስ? ለኔ ለሰላዩ?

ዘነቤ፣ አንቺ ታውቂ ነበር። ካንቺ ጋር ነበር ሰበታ የምትሄደው፤ በአንድ ቅርጫት የአራት ሰው መድኃኒት ይዛችሁ፣ ከላይ ሽንኩርት ጣል አድርጋችሁ ነበር የምትመለሱት። የክርስትና ስሜን ግን ለሷም አልነገርሻትም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ትሪ ላይ እየበላን አንዲት ቃል አልተነፈስሽልኝም። አዴ ስትነግረኝ መጀመሪያ ተቀየምኩሽ፣ አልዋሽሽም። ሌላስ ምን ደብቀሽኛል ብዬ ልብሶችሽን እስከማየት ደርሻለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ምሥጢሩ ያንቺ አልነበረም። ለኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ደግሞ እሷን ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይናገር ነበር።

አዴን ይዤ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር። ሌንሴ አለቃዋን አስጠራች። እዚህም እዚያም ደውለው ካጣሩ በኋላ፣ ልጆቹ ያሉበት ቦታ ክሊኒክ አለው፣ እዚያ ካለው ነርስ ጋር እኛ እንነጋገራለን፣ ፖሊስ ማወቅ የለበትም አሉን። እኔ በቀላሉ አላመንኩም። የልጁን ስም ለሌላ ነገር ብታውሉትስ አልኩ። ደርሶታል ብትሉን በምን እናውቃለን አልኩ። አዴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እነሱ ግን መድኃኒቱን ላኩለት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሌንሴ ደርሷል ትላለች፤ እኔ ማን አየ እላለሁ፤ አዴ መሀላችን ትነፈርቃለች። አንድ ቀን ከዚያ የተፈታ የሰፈር ልጅ እናቱን ስሞ ሲያበቃ በቀጥታ ያዴ ቤት መጣ። «ቅርጫቱ ደርሶኛል፣ እየበላሁ ነው በልልኝ ብሎኛል» አላት። መልእክተኛው ምግብ ነው የመሰለው። እሷ መሬት ላይ ተደፍታ እልል አለች። እኔም፣ ምን ልደብቅሽ፣ ኪዮስኬ ገብቼ ማሽኔን አስነሣሁና በጩኸቷ ውስጥ አለቀስኩ።

ኦቦ ደበላ ደግሞ እድሩ ሌንሴን ጠርቶ ምርመራ ይደረግ አሉ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰዉ ማን ይገባል ማን ይወጣል እያለ በየአጥሩ ሥር ይተያያል። ማንም ሳይደፍር ሲቀር ሽማግሌው «እኔ ሚስት ከቀበርኩ ስንት ዘመኔ፣ ምን ይገኝብኛል» እያሉ እያጉረመረሙ ቀድመው ገቡ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ሌንሴ አሁን ባጇን አንጠልጥላ ነው የምትመጣው፤ ጃንጥላዋን የሰበሩት ልጆች አዲስ ገዝተውላታል።

ያዴ ልጅ ገና አልተፈታም። ባለፈው ሳምንት ግን ኪዮስኬ ፊት ሰው ሞልቶ እያለ አዴ መጣችና የቤቷን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። የልጁ ቁልፍ አብሮት ተወስዷል፤ ሲመለስ የሚገባበት ቅረጽልኝ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ እያየ ቀረጽኩላት። በነጋታው ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ወረፋ ያዘ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ሌንሴ ወደ ቡራዩ ስታዛውረኝ፣ ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ስላወቀ በዓለም ስምዎ ልመዝግብዎት አለችኝ። እምቢ አልኳት። ዛሬም እየጠረጠሩ ነው ብላ ሳቀችብኝ፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ስልክሽን ከመሳቢያ አውጥቼ ቻርጅ አድርጌዋለሁ፤ አይዘጋም። ቀጠሮዬ ሲደርስ በዚያው ትደውላለች። ያንቺ ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል። ከዚያ አነሣዋለሁ። «ወልደ ገብርኤል?» ስትለኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «አቤት» እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ፣ በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ሳይኖር መድኃኒቴን አልወስድም። አልረሳሽም ማለት ለኔ ይኸው ነው።

ያንቺው
ወልደ ገብርኤል