ያልሞተው ሰው ጉማ

ቡራዩ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ውድ የነፍስ አባቴ መምሬ ጎበና፣

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንቱንም ደኅና ያድርግዎ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል፤ ተናድጃለሁ።

አባቴ ገለቴን ሊያጩልኝ ሽማግሌ ለመላክ ሲሰናዱ ወደ አንቱ የመጣሁት፣ ልጅቷን ማታለል ነውር ስለሆነብኝ ነበር። ልቤ ወደ ሴት እንደማያደላ፣ የምወደው ወንድ እንደሆነ፣ እዚህ ቡራዩም አብሮኝ እንደሚኖር ነገርኩዎ። ጋብቻውን በዘዴ እንዲያስቀሩልኝ ለመንኩዎ። አንቱ ግን ተናግሬ ሳልጨርስ፣ "ማነው ያሳተህ? ስሙን ንገረኝ!" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ዛሬም እምቢ ነው። ሰው የሚናዘዘው የራሱን ነው፤ የሌላውን ከተናገረ ንስሐ አይባልም፣ ሰው ማሳጣት ነው።

ቀኖናውንስ አስተውለው ቢሰጡኝ ምን ነበረበት? በበዓለ ሃምሳ! ቄሱም ዲያቆኑም ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር በሚበላበት ወራት፣ "ረቡዕና ዓርብ ከቅቤና ከሥጋ ታቀብ" አሉኝ። እኔ ሞኙ እሺ ብዬ ዓርብ ቀን ሱሉልታ፣ ወላጆቼ ገበታ ላይ፣ ደረቅ እንጀራ እየቆረስኩ ተቀመጥኩ።

እናቴ ያልተነካውን ወጥ አየች፤ እኔን አየች። "ያ ረቢ! በሃምሳው የሚያስጾም ምን ሠርተህ ነው?" አለች። ከዚያ እጄን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ገደልክ እንዴ?"

እናቴ ልጄ ነፍሰ ገዳይ ሆነ ብላ እያለቀሰች ዝም ማለት አልቻልኩም። እውነቱን ለሁለቱም ነገርኳቸው።

አባቴ ምን እንዳሉ ያውቃሉ? "ገድለህ ቢሆን ይሻለን ነበር። ለገደለ ጉማ አለ፤ የደም ካሣ ተከፍሎ ይታረቃል። ለዚህ ምን ይከፈላል?"

"ለማን ነው የሚከፈለው? ማን ሞተ? ማን ቆሰለ?" ብዬ ጮኽኩ።

ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ አባቴ እውነቱን አፍረው፣ "ደገፋ ቡራዩ ሰው ገደለ" አሉ። መንደሩም እንዴት ያለ ደግ መንደር ኖሯል! ኦቦ ኢቲቻ ለጉማው ወይፈን ልስጥ አሉ። ሌላው የድርቆሽ ክምሩን ሊሸጥልኝ ተነሣ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አይዞህ፣ ጀባዱ፣ በርታ! በወንድ ልጅ የሚደርስ ነው" እያለ ያቅፈኛል። በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

አንቱስ? ከወላጆቼ ሌላ፣ እጄ ደም እንዳልነካ በመንደሩ የሚያውቁ አንቱ ብቻ ነዎት። የጉማው ሽማግሌዎች የሟችን ወገን ሊፈልጉ ሲነሡ ግን መርቀው ሸኟቸው! ለምን ብዬ ባስጠይቅዎ፣ "የንስሐ ምሥጢር አይወጣም" የሚል መልስ ላኩብኝ። ምሥጢር መጠበቅ ማለት ሐሰትን መመረቅ ነው እንዴ? ይኸው የሌለ ሰው ሬሳ ተሸክሜ እዞራለሁ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የምሥጢሩ ባለቤት እኔ ነኝ። የሚፈታው ካህን ቢሆንም፣ ዛሬ እኔ አንቱን ፈታሁዎ። ይህን ደብዳቤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ያንብቡላቸው። ኦቦ ኢቲቻም ወይፈናቸውን ለእርሻቸው ያቆዩት።

እናቴ ግን በሰው ፊት እንድትሰማው አልፈልግም፤ አስቀድመው ቤቷ ይሂዱላት። ልጅሽ ከአንቺ በቀር ማንንም አላስለቀሰም ይበሉልኝ። ይቅርታ የምጠይቃት ስላስለቀስኳት ነው፤ ስለወደድኩ አይደለም።

ካላነበቡት፣ ግልባጩ እጄ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ። ነፍሰ ገዳዩን ያቀፉት እጆች እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ ያን ቀን አያለሁ።

ሰው ያልገደለው፣
ደገፋ ዳዲ