የደንበኛ ቁጥር የሌለው አጥር

ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመስመርና የሕዝብ ደህንነት ክትትል ዴስክ አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ ይብዛልኝ። እኛ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። የግቢያችንን በር በእንጨት እየገፋን እንወጣለን፣ በእንጨት እየገፋን እንገባለን።

ኸይረዲን በከር እባላለሁ፤ አብነት ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱሪ ልኬት ስወስድ ሰው ሁሉ ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ ሲዋሸኝ ስለኖርኩ ማንንም ቶሎ አላምንም። ባለቤቴ ዙሃራ ይህን ጠባዬን በሽታ ትለዋለች፤ እኔ ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» በሚለው የአባቶች ቃል እጽናናለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ጥርጣሬዎች እርስዎን ለማስቀየም ሳይሆን ከሙያዬ የመጡ መሆናቸውን እንዲረዱልኝ ነው።

1. ስለ ምሰሶው። ባለፈው መጋቢት ሠራተኞችዎ ያረጀውን የእንጨት የመብራት ምሰሶ ነቅለው የኮንክሪት ስለተከሉልን እናመሰግናለን። አዲሱ ምሰሶ ከአሮጌው ሁለት እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ ስለቆመ፣ ወደ ግቢያችን የሚገባው ሽቦ ረግቦ የቆርቆሮ አጥራችን ጫፍ ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜ ማናችንም ቀና ብለን አላየንም። ሰው አዲስ ምሰሶ ሲቆምለት ይደሰታል እንጂ ሽቦው የት እንደተኛ አይመረምርም፤ እኔ እንኳ የጠረጠርኩት ሲሚንቶውን ነበር።

2. ስለ ጤናዬ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ደህና ዝናብ በጣለ ማግስት የግቢውን በር ስከፍት አንድ ነገር ከጣቴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ነርቭ መሰለኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ግፊቴን ተለካሁ፣ ስኳሬን ተመረመርኩ፣ ጨው ቀንስ ተባልኩና ሁለት ሳምንት ጨው የሌለው ወጥ በላሁ። ዙሃራ እርጅና ነው እያለች ስትስቅብኝ ከረመች፤ እርጥብ ልብስ አጥሩ ላይ ልታሰጣ የሄደች ዕለት ግን እሷም በአንድ ቅጽበት አረጀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጨዉ ተመልሶልኛል።

3. ስለ ስልኩ። ወደ ዴስክዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ወይዘሪት እጅግ ትሑት ነበሩ፤ አጥራችን ሰው እንደሚይዝ ስነግራቸው የደንበኛ ቁጥር ጠየቁኝ። የራሴን ሰጠኋቸው። ብልሽቱ ያለው ቆጣሪዬ ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ መሆኑን ሲረዱ፣ አቤቱታው መመዝገብ ያለበት በአጥሩ የደንበኛ ቁጥር እንደሆነ፣ አጥሩ ደንበኛ ካልሆነ ደግሞ ሲስተሙ እንደማይቀበል በትሕትና አስረዱኝ። አጥሩ እስከ ዛሬ መብራት እየተጠቀመ ቁጥር ሳያወጣ መቅረቱ በእርግጥ የአጥሩ ነውር ነው። በአምስተኛው ጥሪዬ ነገሩ «የመብራት መቆራረጥ» ተብሎ በስሜ ተመዘገበልኝ። መብራት አልተቆረጠብኝም፤ ያስቸገረኝ ከሚገባኝ በላይ መድረሱ ነበር።

4. ስለ ጉብኝቱ። ሰኔ 11 ቀን ሁለት ባለሙያዎች መጡልን። እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት አልደብቅም። እንግዳ ጭቃ አይርገጥ ብለን ከሰፈራችን አናጢ ሳጋቱራ በማዳበሪያ ተሸክመን ከበሩ እስከ አጥሩ ጥግ ነሰነስን፤ ዙሃራ ይባስ ብላ አሮጌ የመኪና የጎማ ምንጣፍ አነጠፈችላቸው። ባለሙያዎችዎ የላስቲክ ቦቲ አጥልቀው፣ በጎማ ላይ፣ ጎማውም በደረቅ ሳጋቱራ ላይ ሆኖ፣ አንደኛው አጥሩን በእጁ ጀርባ ነካ አደረገና «ምንም የለውም አባቴ» አለኝ። ቴስተር የለም ወይ ብል፣ ዋናው መንገድ ላይ በቆመው መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ መንገዱም ጭቃ ነው አሉ። እንግዳ እናከብራለን ብለን ራሳችንን ውሸታም አደረግን። ይሁን እንጂ ያስፈረሙኝን ወረቀት ሳነብ፣ «በአካል ተገኝተን አጥሩ ከአደጋ ነጻ መሆኑን አረጋግጠናል» ከሚለው በላይ የታተመው ቀን ሰኔ 9 ነበር። ሰኔ 9 ቀን በማን አካል እንደተገኙ እስከ ዛሬ ለማጣራት እየሞከርኩ ነው።

5. ስለ ሙለታ። ባለሙያዎችዎ ሲወጡ፣ ችግር አለ ከተባለም ከጎረቤት ብየዳ ቤት ሊሆን እንደሚችል ጆሮዬ ላይ ሹክ አሉኝ። እንደኔ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ብየዳ ቤቱ የሙለታ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ለቅሶም ሠርግም የማይቀር ሰው። ዐሥር ቀን ሰላምታ ነሳሁት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ራሱ ቴስተሩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ እኔን ከመጥላትዎ በፊት ይምጡና አብረን እንየው» አለኝ። የብየዳ ቤቱን ዋና ማጥፊያ አጠፋ፤ የግቢው ሰውም ሁሉ የየራሱን አጠፋ። ቴስተሩ አጥሩን ሲነካ ቦግ አለ። ቀና ብለን ሽቦውን ያየነው ያን ጊዜ ነው፤ ላስቲኩ ተልጦ ውስጡ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተጋድሟል። ከቆጣሪ በላይ ያለውን ሽቦ መንካት ለእኛ ክልክል፣ ለእርስዎ ሥራ ስለሆነ፣ ፎቶውን አሳጥቤ ሰኔ 27 ቀን በእጄ ለዴስክዎ አስረክቤ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመትቼ ተመለስኩ። ሙለታን በዚህ ደብዳቤ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥርጣሬዬንም ከእሱ አንስቼ ወደ ትክክለኛው አድራሻ አዛውሬዋለሁ።

6. ስለ እማማ የሺሀረግ። እማማ የሺሀረግ የግቢያችን ታላቅ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ቀኝ መዳፋቸውን አጥሩ ላይ እያሳለፉ ከቤታቸው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ብቻቸውን ሄደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልደታ ማርያም የሚሄድ ሰው አይጠፋም። የትኛው ቆርቆሮ እንደተቀደደ፣ የትኛው ምስማር እንደወጣ ከአጥሩ ባለቤት ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እየመራን እናድርስዎ ብንል «መሪ ካስለመዳችሁኝ እግሬን ትወስዱብኛላችሁ» ብለው እምቢ አሉ። አጥሩን አይንኩ ብንል እሺ ይላሉ፤ የሃያ ስድስት ዓመት እጅ ግን ምክር አይሰማም። ስለዚህ ሱቄ ከተረፈ የተማሪ ዩኒፎርም ቁርጥራጭ ረጅም ገመድ ጎነጎንኩ። ከአጥሩ አንድ ሜትር አርቀን የእንጨት ችካል ተክለን እስከ መንገዱ ዘረጋነው፤ በሩ ጋ አንድ ቋጠሮ፣ ቦዩ ጋ ሁለት፣ መታጠፊያው ጋ ሦስት። በሁለት ቀን ለመዱት። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ እንደዚያ ገመድ ያኮራኝ የለም።

7. ስለ ፍጥነታችሁ። ሽቦው ከዘጠኝ ሳምንት በላይ ያልታየውን ያህል፣ ገመዱ በአራት ቀን ታየ። ሐምሌ 20 ቀን፣ ያውም እሑድ ከሰዓት፣ ማንም ሳይደውልላቸው ሦስት ሠራተኞችዎ መጡና «ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ፈቃድ የተዘረጋ ገመድ» በሚል ቆራርጠው፣ ጠቅልለው፣ ለማስረጃ ብለው ይዘውት ሄዱ። ዙሃራ ሽቦውን ብታሳያቸው ላይኛው የሌላ ክፍል ሥራ ነው አሏት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ነገር ግን ዙሃራ አንድ ነገር አይታለች፣ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁት በእሱ ነው። ሦስቱም እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም ጓንት አጥልቀው ነበር፤ አንዳቸውም አጥሩን አልተደገፉም፣ በሩንም በእግራቸው ገፍተው ነው የወጡት። ክቡር ሆይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ለመቁረጥ መቀስ ይበቃል። አጥሩ ከአደጋ ነጻ ከሆነ ጓንቱ ለምን አስፈለገ? ያውቁ ነበር። ይህን ከጥርጣሬ አልቆጥረውም።

8. ስለ ሐምሌ 21። እማማ ያን እሑድ ዘመድ ጥየቃ ውለው፣ አመሻሽ ላይ የእህታቸው ልጅ እስከ ደጃቸው አድርሳቸው ተመለሰች። እኔ ከሱቅ ስመለስ የገመዱን ነገር ሰማሁ። ደክሟቸው ተኝተዋል፣ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ማርያም ነበረችና ከእኔ ቀድመው ተነሱ። ይህን ጥፋት ለእርስዎ አልሰጥም፤ የኔ ነው፣ እስክሞት አብሮኝ ይኖራል። ገመዱን በእጃቸው ፈለጉ፣ አጡ፣ እጃቸውም ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ አጥሩ ያዛቸው። ዙሃራ ልትስባቸው ስትሮጥ ሙለታ «እንዳትነኪያቸው!» ብሎ ጮኸባት፤ ደረቅ ጣውላ አንስቶ እጃቸውን ከቆርቆሮው ገፍቶ አላቀቀ። እሱ ባይኖር ይህ ደብዳቤ የመርዶ ደብዳቤ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ሁለት ስም ይይዝ ነበር።

እማማ በሕይወት አሉ። የቀኝ መዳፋቸውና ጣቶቻቸው ግን ተቃጥለዋል፤ ቁስሉ ቢድንም ጣቶቹ ነገር ለይተው የማወቃቸው ነገር ያበቃለት ነው ብለዋል ሐኪሙ። እኛ በዓይናችን የምናየውን እሳቸው የሚያዩት በእነዚያ ጣቶች ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ታወሩ ብል የተጋነነ አይሁንብዎ። ትናንት ፍልሰታ ገባ። እማማ ያለ መሪ አልሄድም ብለው አያውቁም ነበር፤ ትናንት መሪ ብንሰጣቸውም አልወጡም። ግድግዳውን ወደሚያዩበት ዞረው ተቀመጡ። ሽቦው ዛሬም፣ ይህን ስጽፍ፣ እዚያው አጥሩ ላይ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ሰው ከመላክዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ቀጠሮ አይስጡን፣ ሳጋቱራ አንነሰንስም፣ ምንጣፍ አናነጥፍም። ዝናብ በጣለ ማግስት ይምጡና ሽቦው ከአጥራችን እስኪነሳ ድረስ ከእኛ ጋር ይቁሙ። በሩን ግን እባክዎ እኛ እንክፈትልዎ፤ ይህን ያህል ቂም የለንም።

ለሰጡን የምስክር ወረቀት፣ ለወሰዱልን ገመድ፣ ለሠራተኞችዎ እጅ ስላደረጉት ብርቱ ጥንቃቄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ደረቅ መሬት ይስጥዎ እላለሁ።

አክባሪዎ፣
ኸይረዲን በከር
ልብስ ሰፊና የዴስክዎ ያልተመዘገበ አድናቂ
ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤
በተለይም አይመለከተኝም ብሎ ለሚያልፈው።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ከዴስክዎ አንድ ሠራተኛ መጥተው እጅግ አስደስተውኛል። አደጋው በይፋ እንዲመዘገብና ሽቦው እንዲነሳ ትእዛዝ የሚወጣው ተጎጂዋ ቅጹ ላይ ሲፈርሙ ነው፣ ፊርማ የማይችሉ ከሆነ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ይበቃል አሉን። እማማ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ሲዘረጉላቸው ሠራተኛው አዝነው፣ እስኪድን ድረስ አደጋው እንዳልደረሰ ሆኖ እንደሚቆይ ነግረውን ሄዱ። ሐኪሙን ጠየቅን። በዚያ ጣት ላይ ከእንግዲህ አሻራ የሚባል ነገር አይኖርም ብለውናል።