የአውራ በጌን የሸጋውን እስራት ይመለከታል

ለክቡር ጓድ አምባቸው
የሐይቅ ዳር በግ ዝርያ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

መስከረም 1 ቀን 1981 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በጤና አሸጋገረዎ እያልሁ፣ በቅድሚያ የራስዎን፣ ቀጥሎም የወንበርዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ሆድዎ ሳይለቅ፣ ዓይንዎ ሳይገረጣ፣ አገጭዎ ሥር ውሃ ሳይቋጥር ይህን ክረምት መውጣትዎን ስሰማ የተሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ዘንድሮ ይህ ዕድል የገጠመው ብዙ አይደለምና።

እኔ ወለተ ሩፋኤል ፅጌ ማርያም እባላለሁ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ሲሞላ ግጦሹን ውሃ በሚያለብሰው መንደር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ፣ ከበጎቼ በቀር ሌላ ጥሪት የሌለኝ ሴት ነኝ። አባቴ መሪጌታ ፅጌ ማርያም ቅኔ ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆኜ አዳምጥ ነበር፤ ብዕር በእጄ የያዝሁት ግን አብዮቱ ባመጣልን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ አዲስ አንባቢዎች የጻፋችሁትን ለጥፉ ስለሚል ይህንንም ደብዳቤ እዚያው ለጥፌዋለሁ። ስላስተማራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የትምህርቴን ፍሬ ከሁሉ ቀድመው የሚቀምሱት እርስዎ መሆንዎም የሚገባ ነው።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። በግቢዎ ታስሮ የሚገኘው ሸጋው የተባለው አውራ በጌ ሳይኮላሽ፣ በሙሉ አካሉ ይመለስልኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ተራ ቁጥር የተጻፈ ነገር እንደማያነብ ስለ ተነገረኝ አቤቱታዬንም ምስጋናዬንም በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. ስለ እንግዶቹ በጎች። ባለፈው ሰኔ ከወዳጅ አገር ያስመጧቸው ባለ ረጅም ጸጉር በጎች በጭነት መኪና ሲገቡ እኛም በታዘዝነው መሠረት ተሰልፈን አጨብጭበናል። እውነቱን ለመናገር ያማሩ ነበሩ፤ ከአንዱ ጀርባ ብቻ ለቤቴ የሚበቃ የሱፍ ባና ይወጣ ነበር። እርስዎም እነዚህን የሩቅ እንግዶች ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ረግረጉ ውስጥ እንዲሰማሩ አዘዙ። የክረምት ሣር ትል እንዳለበት፣ አገሩን የማያውቅ በግ እንደማይችለው ለመናገር እጃችንን ብናወጣ የጥያቄ ሰዓት አልቋል ተባልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። ሆዳቸው ለቀቀ፣ የዓይናቸው ሽፋን ውስጡ ነጥቶ ወረቀት መሰለ፣ አገጫቸው ሥር ውሃ ቋጠረ። ባለሙያዎችዎ መድኃኒት ቢግቷቸውም ትሉ መድኃኒቱን ከመልመዱ የተነሣ የሚጠብቀው ይመስል ነበር። እነዚያ የዋሃን እንስሳት እየተዝለፈለፉ ሲወድቁ እኔ አዝኛለሁ፤ ይህን በፌዝ አልጽፈውም፤ ወደዚህ ውሰዱኝ ያለ አንድም በግ አልነበረምና። በሪፖርትዎ ላይ ያለቁት በአየር ጠባይ ለውጥ ነው ተብሎ መጻፉን ሰምቻለሁ፤ ስሙ ሳይነሣ ስለ ቀረለት ትሉ ሳያመሰግንዎ አይቀርም።

2. ስለ እኛ በጎች ጤነኝነት። የእኛ ቀይ በጎች በዚያው ረግረግ ውለው፣ ከዚያው ውሃ ጠጥተው ማታ ሆዳቸውን ሞልተው መግባታቸው ለጽሕፈት ቤትዎ ትልቅ ቅሬታ መሆኑን ስረዳ ይቅርታ ለመጠየቅ ዳድቶኝ ነበር። ትል አይገባባቸውም አላልሁም፤ ይገባል፣ ግን እንደ ልቡ ቤት ሠርቶ አይቀመጥም። ይህም የእኔ ብልሃት አይደለም። ይህን ሣር ያልቻለው በግ ሳይወልድ እየሞተ፣ የቻለው እየወለደ ስለ ኖረ፣ ዛሬ ያሉት የእነዚያ የቻሉት ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ሸጋው የተለየ ነው፤ ከእርሱ የተወለደ ግልገል ክረምት ሲገባ አይሰንፍም፣ ጭራውም አይቆሽሽም፤ ጎረቤቶቼም ሁሉ በጎቻቸውን እርሱ ዘንድ ያመጣሉ። እርስዎ ግን ጠለቅ ያለ ጥናት አካሂደው፣ የመንደሩ በጎች ካልታመሙ በሽታውን በእንግዶቹ ላይ የላኩት እነሱ ናቸው የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። በዚህ አካሄድ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ዋኝቶ የወጣ ሁሉ ጎርፉን አመጣህ ተብሎ ሊከሰስ ነው። የመንደሩ አውራ በጎች በሙሉ እንዲኮላሹ የወጣው ትእዛዝ በዚህ ጥናት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ጥናት ምን ማለት እንደ ሆነ ስላሳዩን ውለታዎን አንረሳም።

3. ስለ ፊደል። ነሐሴ ላይ በጠሩት ስብሰባ ተነሥቼ፣ የእኛ በጎች ትሉን ይቋቋሙታልና አውራዎቹን አታኮላሹብን አልሁ። ቃለ ጉባኤ የያዘው ጸሐፊዎ ጓድ አስማማው፣ ከተማ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይቋቋሙታል ያልሁትን ይቃወሙታል ብሎ ጻፈው። በአባቴ ጉባኤ ቤት ፊደል የሳተ ተማሪ ከሥሩ ጀምሮ እንዲደግም ይደረግ ነበር፤ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ጸሐፊው ፊደል ሲስት የሚጠራው ተናጋሪው ነው።

በማግስቱ ተጠራሁ። በጎቼ የሚቃወሙት ምን እንደ ሆነ፣ ከእነማን ጋር ሆነው እንደሚቃወሙ፣ መቃወም የጀመሩት ከአብዮቱ በፊት ይሁን በኋላ ተጠየቅሁ። ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ነው ብዬ በቅንነት ብመልስ የባላባት ዘር ናቸው ተብሎ ተመዘገበ። ነገሩ የአንጀት ትል መሆኑን ላስረዳ ብዙ ደከምሁ። በመጨረሻ ጓድ አስማማው ብዕሩን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ ወለተ ሩፋኤል፣ ለራስዎ ሲሉ ይንገሩን፤ ትሉ ማን ነው?” አለኝ። ትል ነው አልሁት። ትሉን በስም ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነችም ብሎ ጽፎ አስፈረመኝ።

ክቡር ሆይ፤ በዚህ አጋጣሚ ትሉ እርስዎ እንዳልሆኑ በሕዝብ ፊት አረጋግጣለሁ። ትሉ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል።

4. ስለ ኤግዚቢቱ። እኔ ወደ ቤቴ ስሰናበት ሸጋው ግን የተቃውሞው ዋና ማስረጃ ነው ተብሎ በኤግዚቢትነት ተያዘ። ገመዱን ከእጄ ሲወስዱት አለቀስሁ፤ ለበግ ታለቅሳለች ቢሉኝም አላፍርም። የመንደሩ አውራዎች ሁሉ በዚያ ሳምንት ሲኮላሹ እርሱ ብቻ የተረፈው ማስረጃ ሳይነካ መቆየት አለበት በሚለው ደንብዎ ነውና፣ ለደንብዎ ምስጋናዬ ይድረሰው። አሁን በዚህ ዳርቻ ዘር የቀረው በእርሱ ብቻ ነው። እርሱ ከጠፋ የከርሞው ክረምት የሚያገኘው የማን ልጅ እንደሆኑ የማይታወቁ፣ ሣሩን የማይችሉ ግልገሎችን ነው፤ እነሱ ሲያልቁ የእኔም ቤት አብሮ ያልቃል። ይህን ለአንዱ ባለሙያዎ ባጫውተው በጎችሽን መሸንቲ ገበያ ሸጠሽ ዶሮ ብትገዢስ ሲል መክሮኛል። ዶሮዎቹን ደግሞ ለማሻሻል መቼ እንደምትመጡ ስላልነገረኝ ምክሩን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

5. አምስተኛ ቁጥር የለኝም። ደብዳቤው የተሟላ እንዲመስል ብቻ ነው የጻፍሁት፤ ይህንንም ከጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርቶች ተምሬዋለሁ።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት እዚህ ላይ ብዕሬን እገታለሁ። ሸጋውን ከመለሱልኝ ስለ እርስዎ ደግነት በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ የምናገረው እውነት አገኛለሁ፤ እስከ ዛሬ ሳልናገር የቆየሁት ከክፋት ሳይሆን የምናገረው ስላጣሁ ነው። በጉ ማምሻውን ጥቂት ጨው ይወዳል፤ ደረቅ መሬት ላይ ካልሆነ አይተኛም፤ የሚጠብቀው ሰው ይህን እንዲያውቅልኝ አደራ እላለሁ።

በአብዮታዊ መመሪያዎ ሥር የምትተዳደር፣ በበጎቿ ጤነኝነት የተጠረጠረች፣ ትሉን በስም ያልገለጸች፣ የእርስዎን ረጅም ዕድሜና ፈጣን ዝውውር ዘወትር በጸሎቷ የምታስብ ታዛዥዎ፤

ወለተ ሩፋኤል ፅጌ ማርያም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጥፌ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነና፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ግብዣ ወጥ ቤት የገባችው ጎረቤቴ አገርነሽ ዛሬ ቤቴ መጥታ ነገረችኝ። ሸጋውን አርዳችሁ በላችሁት። እርስዎም ሥጋው ጣፋጭ ነው ብለው ደጋግመው አነሡ አሉ። በጣም ተናድጃለሁ፤ ከዚህ የለሰለሰ ቃል አባቴም አላስተማሩኝ፣ መሠረተ ትምህርትም አላስተማረኝ። ነገር ግን ለጥናትዎ ይጠቅም እንደ ሆነ፣ አንጀቱን ገልብጣ ያጠበችው አገርነሽ ናት፤ ትል ብትፈልግ አጥታበታለች። ኤግዚቢቱ ቃሉን ሰጥቷልና በመዝገብዎ ያስገቡልኝ። በተረፈ፣ ሸጋው ከመታሰሩ በፊት ሐምሌን ከበጎቼ ጋር ነበር የዋለው፤ ሁሉም ከብደዋል፣ ታኅሣሥ ላይ ይወልዳሉ። ወንድ ወንዱን የት እንደምደብቅ ግን በዚህ ሰሌዳ ላይ አልጽፍም።