ያቋረጥከው ጭብጨባ

ሞጣ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለደምለው
ቢቸና

የሰላም አምላክ አንተንም አባትህንም ይጠብቅልኝ። እኔና ልጃችን ጸደንያ ደህና ነን። አባትህ መሪጌታ እንዴት ናቸው? ልጅህ እንደነገረችኝ አሁን ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ አጥሚትም ይጠጣሉ። ተመስገን ነው። ሰላምታዬን ትነግራቸው አትነግራቸው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ሁልጊዜ እልካለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ አምስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንተ ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ነው የምትለው፤ እሺታህን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ዛሬ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ቁጭ ብያለሁ። ጎረቤታችን አስናቀው ነገ ለእህል ንግዱ ወደ አንተ አገር ስለሚወርድ በእጁ ይደርስሃል።

መጀመሪያ መጥፎውን ወሬ ልንገርህ፦ ከሁለቱ ቀፎዎች የአንደኛው ንቦች ጥለው ሄደዋል። እንዳትናደድ ብዬ ነው እስካሁን የደበቅኩህ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የፍልሰታ ዕለት የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ከቆምኩበት ሆነህ አላየኸውም።

ከቁርባን በኋላ የእመቤታችንን መዝሙር ብቻዬን ዘመርኩ። አንተ ከበሮውን በቀስታ ትመታልኝ ነበር። ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ ከባሕር ዳር የመጡት እንግዳ ካህን ፈገግ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። እሳቸው ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ተከተለ። ጓደኛዬ ሰገነት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ነው አንተ ከበሮውን ከአንገትህ አውርደህ እጅህን ያነሳኸው።

«እባካችሁ! ለመዝሙር ይጨበጨባል፣ ለዘማሪ አይጨበጨብም። እዚህ የመጣነው ለጥሩአየሁ ብለን አይደለም!»

እንግዳው ካህን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እቤት ስንገባ ያልኩህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጠቁጠኛል። «ቅናት ነው! ለከበሮህ ማንም ስላላጨበጨበልህ ነው» አልኩህ። መጋዝህን ይዘህ ጓሮ ገባህ፤ በሳምንቱም «አባቴን ላስታምም» ብለህ ሄድክ። ሁለት ሳምንት ያልከው ይኸው አምስት ወር ሆነው። ሰው ሲጠይቀኝ «አማቼ ገና አልዳኑም» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን እሱ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ደምለው፣ ጭብጨባው ጣፈጠኝ። ከዚህ በኋላ ምን እደብቅሃለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንዘምር «እዚህ ጋ ቸኮልሽ»፣ «እዚያ ጋ ድምፅሽ ወረደ» ስትለኝ ኖረሃል። ልክ ነበርክ፣ ቸኩዬ ነበር። ግን «ጥሩ ነው» የምትል ቃል ካፍህ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ያ ሁሉ እጅ ሲያጨበጭብልኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የዘመርኩላትን እመቤት ረሳኋት። ራሴን ብቻ ነበር የማየው። ይህን ለአባ ፍቅረ ሥላሴ በንስሐ ነግሬያቸዋለሁ፤ ላንተ መንገር ግን ከንስሐውም ከበደኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ነገሩ በዚያ አልቆመም። ሠላሳ ቤተሰብ እንኳ የማንሞላ የሞጣ ካቶሊኮች ለሁለት ተከፈልን። ጥቅምት ላይ አባ ፍቅረ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡን። ሰገነት ተነስታ፣ «ለሙሽራ እናጨበጭባለን፣ ለሹም እናጨበጭባለን። እግዚአብሔር በሰጣት ድምፅ ስናጨበጭብ ምኑ ነው ኃጢአቱ? እሱን ማመስገን አይደለም ወይ?» አለች። አስናቀው ደግሞ ያንተን ወገን ያዘ። «ዛሬ ለጥሩአየሁ ካጨበጨብን ነገ ሌላዋ ዘምራ ባይጨበጨብላት ምን ሊሰማት ነው? ቅዳሴው የዘፈን ውድድር ሆኖ ያርፈዋል» አለ።

አባ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሁላችሁም ለእግዚአብሔር ተቆርቁራችሁ ነው» አሉ። «በመዝሙሩ ጊዜ እጃችሁን አትሰብስቡ፣ አጨብጭቡ፣ እልል በሉ። ለሰው ማጨብጨቡን ግን ቅዳሴው ውስጥ እንተወው፤ ዓይናችንን ከመንበሩ ያነሳብናል። ደስ ያላችሁ ደግሞ ደስታችሁን ውጣችሁ አትቅሩ። ደጅ ስትወጡ ያስደሰታችሁን ሰው ፈልጋችሁ አመስግኑት። ምስጋና መንፈግም ጽድቅ አይደለም።»

ይህን ሲሉ እኔን እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ ግን ያንተን ስም የጠሩ ያህል ነው የተሰማኝ።

የገና ዕለት ደግሞ ብቻዬን እንድዘምር ጠየቁኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ጸደንያ ናት ገፋፍታ ያስነሳችኝ። ከበሮውን አሁን ያ ጎረምሳ ከፋለ ነው የሚመታው። እግዚአብሔር ይባርከው፣ ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይጨርሳል! እንደምንም ተከትዬው ዘመርኩ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። መጀመሪያ ዝምታው አስፈራኝ፤ ያበላሸሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ አንድም ሰው ወደ እኔ አያይም፤ ሁሉም መንበሩን ነው የሚያየው። ሰገነት እንኳ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነገርህ ገባኝ።

ደጅ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ። «አፍሽ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» እያሉ አገላብጠው ሳሙኝ። እኔ ግን በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ወደ አጥሩ ሳይ ራሴን አገኘሁት። ታውቃለህ፣ አንተ የምትቆምበት ቦታ።

ቢሆንም አልጽፍልህም ነበር፤ እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። ያስጻፈችኝ ልጅህ ናት። ለጥምቀት እናንተ ዘንድ ከርማ ትናንት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ አባዬ ስልኩ ላይ አንቺን ቀድቶሻል!» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልምምድ ላይ ስልክህን መስኮቱ ላይ የምታስቀምጠው ሰዓት ልታይ ይመስለኝ ነበር እኮ! ለካ እዚያው ሆነህ ማታ ማታ ለአባትህ ታሰማቸዋለህ። ጸደንያ እንዳለችኝ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብርድ ልብሱን መታ መታ ያደርጋሉ። «አያዬ፣ እያጨበጨቡ ነው እንዴ?» ስትላቸው፣ «ዜማውን ነው የምከተል» አሏት። ከዚያ ወደ አንተ ዞረው፣ «ይህች ሴት ግን ማን ናት? ዜማ ገብቷታል» አሉህ።

አንተም ለሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ የደበቅከውን ለእሳቸው ተናገርክ፦ «ባለቤቴ ናት። እንደ እሷ የሚዘምር ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

ደምለው፣ ይህን ከልጄ አፍ ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጸደንያ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።

ካቶሊክ አግብተህ በእኛ ቤተክርስቲያን በመቁረብህ አባትህ እኔን ቤታቸው እንዳላስገቡኝ አንተ ታውቃለህ። አልተቀየምኳቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን በማኅሌት ያገለገሉ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው ከእጃቸው የወጣ መስሏቸው ነው። አሁን ግን ጸደንያ የነገረችኝ የመጨረሻው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መልስህን ከሰሙ በኋላ፣ «ታዲያ ለምን አላመጣሃትም?» አሉህ። አንተም እንደ ልማድህ «እሺ» ብቻ ብለህ ወጣህ።

ስለዚህ የታመሙ አባትህን ጥለህ ና አልልህም። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። ጸደንያን ሰገነት ዘንድ አሳድራታለሁ፤ ንቦቹንም አስናቀው ያይልኛል። ለመሪጌታ ከቀረችን ማር እይዛለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። አንተ አጠገቤ ከሆንክ ግን እገባለሁ። ስለ ቅናት ያልኩህን ቃል ይቅር በለኝ፤ ስገናኝህም ደግሜ እጠይቅሃለሁ።

አምላክ አባትህን በዕድሜ ያቆይልን፣ አንተንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርልኝ፣ የተለያየነውን በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት መናኸሪያው ላይ ጠብቀኝ። መናኸሪያ ደግሞ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ ለአባትህ ያልከውን ለእኔም ብትለኝ፣ ብታጨበጭብም እንኳ፣ የሚቆጣህ የለም።

ያንተዋ
ጥሩአየሁ