ሸራው ላይ ያለው ወንድሜ

ረቡዕ፣ ጥር 14። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

የሒሳብ ፈተና። ሁለት ጥያቄ ሳትኩ። እየዞረ ፊልም የሚያሳየው የሲኒማ መኪና ከተማችን ንፋስ መውጫ ገብቷል። የት/ቤቱን መስኮት በጋቢ ጋረድን፣ ነጭ ሸራ ሰቀልን። እናቴን ለምኜ ወሰድኳት። ለሥራ አዲስ አበባ የሄደው የታላቅ ወንድሜ የአስማረ መርዶ ከመጣ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ትንሽ ብትረሳ ብዬ ነበር።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። የአዲስ አበባ ገበያ፣ ጋሪ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። አንድ ሽማግሌ፣ "ድምፃቸውን ኬላ ላይ ቀሟቸው እንዴ?" አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አንድ ሸክም የያዘ ጎረምሳ ወደኛ ዞረ። እናቴ ብድግ ብላ ጮኸች።

"አስማረ! ልጄ! አለ!"

ለእኔ እሱ አልመሰለኝም። ትከሻው፣ ምናልባት።

ሐሙስ 15።

ማቋን አወለቀች። የአርባውን ተዝካርም አላወጣም አለች። "በእግሩ ለሚሄድ ሰው ምን ተዝካር አለ?" የንስሐ አባታችን ገሠጿት፣ አልሰማችም። ሬሳውን ያየ የለማ። እዚያው ተቀበረ ተባልን እንጂ።

ዛሬም ፊልሙን ልታይ ሄደች። ከፊት ተቀመጠች። ሳቀችለት! እኔ አጠገቧ ነኝ፣ ሥጋ የለበስኩት። ከመርዶው ወዲህ አንድ ቀን "በላህ ወይ?" አላለችኝም። ማስታወሻዬ፣ በጨርቅ ላይ ባለ ጥላ ቀናሁ።

ዓርብ 16።

የክፍሌ ልጅ ውበቱ፦ "አንተ፣ ወንድምህ ተነሣ አሉ! የምሥራቹን አታበላንም?" በቡጢ አልኩት። መምህሩ አንበረከኩኝ።

ወጥቼ ፊልም አሳዪውን ጠየቅሁት። ይህ ፊልም የተቀረጸው አባትህ ልጅ ሳለ ነው አለኝ። ያ ጎረምሳ ዛሬ በሕይወት ካለ ሽበታም ነው።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ቤት ሳልደርስ አለቀስኩ። አስማረ ሁለተኛ ሞተ።

ቅዳሜ 17። ማታ።

አርባው ሰኞ ነው። የንስሐ አባታችን መንገድ ላይ ይዘውኝ፣ "ልጄ፣ ተዝካሩ ከቀረ ለነፍሱ ማን ይለምንለታል?" አሉኝ። ፊልሙ የድሮ መሆኑን ልነግራት ገባሁ። በሶ ታሰናዳለች። የሲኒማው ሰውዬ ለአስማረ እንዲያደርስላት!

የመጣሁበትን ትቼ፣ ትንሽ ልቅመስ አልኳት።

"ተው፣ የሱ ነው።"

ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ሰውዬውን ከንስሐ አባታችን ጋር ቤት አመጣዋለሁ። እሱ ይንገራት። እኔ ብነግራት "ቀንተህ ነው" ትለኛለች።

እውነቷን ነው።